ትሪያንግሉ ላስቲኩ ውስጥ፣ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ

 

ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ የጠየቃችሁኝን አልረሳሁትም፣ እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ መኪና ነው። «ዶክተር ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ራሱ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የማውቀው መኪና መንገድ ላይ ከተበላሸ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣውን ሰው ነው።

ሐምሌ ላይ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከዘንዘልማ በኩል ሁለት ሰው በፒካፕ ጭነው አመጡልን። አንዱ ሃያዎቹን ያጋመሰ የባጃጅ ሾፌር፣ ሌላዋ ከገበያ ስትመለስ የነበረች እናት። እሷ ጭኗ ተሰብሯል፤ ሕመሙ እያንሰፈሰፋት ስለ ዘንቢሏ ትጠይቃለች። እሱ የተመታው ጭንቅላቱን ነው፣ አይናገርም። ያመጧቸውን ሰዎች «ከምን ጋር ነው የተጋጩት?» አልኳቸው። «ከምንም። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው የተገለበጠው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ላይ አንድ የጭነት መኪና እዚያ ቦታ ጎማ ፈንድቶበት ቆሞ ነበር። ሾፌሩና ረዳቱ ሁላችንም እንደምናውቀው ከኋላ ድንጋይ ደረደሩ፣ ቅርንጫፍ ጣሉ፣ ጎማ ቀየሩ፣ ሄዱ። ድንጋዩ ቀረ። ማታ ባጃጁ መጣ።

ልጁን አላተረፍነውም። እናትየዋ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከብዙ ሳምንት በኋላ በክራንች ወጣች። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ የጭነት መኪና ሾፌር ይህን ሁሉ አለማወቁ ነው። ክፉ ሰው አይመስለኝም። እንደውም ከኋላው ለሚመጣው ሰው አስቦ ነው ድንጋዩን የደረደረው። ዛሬም ጎማ ሲፈነዳበት እንደዚያው እያደረገ ይሆናል።

በነገራችን ላይ በቅርንጫፍና በድንጋይ ለሚጠቀም ሰው አልስቅበትም። ቀን ላይ አስፋልት መሐል የተጣለ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ከሩቅ ይታያል፣ «ወደፊት የቆመ መኪና አለ» ማለት እንደሆነ ማንም ኢትዮጵያዊ ሾፌር ያውቃል። ምንም ከሌለ ከምንም ይሻላል። ችግሩ ማታ ነው። የእኛ አገር ድንጋይ ጥቁር ነው፣ አስፋልቱም ጥቁር ነው፣ ዝናብ ሲነካቸው ደግሞ አንድ ይሆናሉ። ትሪያንግል (ያ ቀዩ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን) የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የራሱ መብራት የለውም፤ ግን የመጣበትን የመኪና መብራት ወደ መጣበት ወደ ሾፌሩ ዓይን እንዲመልስ ሆኖ ነው የተሠራው። ድንጋይ ይህን አይሠራም። ድንጋይ የሚሠራው እላዩ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ነው።

ታዲያ ትሪያንግሉ የት ነው? መኪናው ውስጥ! እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እሑድ ቀን አጎቴ ቤት ሄድኩ። ፒካፕ አለው፣ ባሕር ዳርና ወረታ እየተመላለሰ ሩዝ ይጭናል። «ጋሼ፣ ትሪያንግል አለዎት?» አልኩት። «እንዴታ! ቦሎ ያለሱ ይሰጣል እንዴ?» አለኝና ከወንበር ጀርባ ጎትቶ አወጣው። ከነላስቲኩ ነው። «ተጠቅመውበት ያውቃሉ?» ስለው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ለምርመራ ነው» አለኝ። እስቲ ይዘርጉት አልኩት። ሁለታችንም እየተጋገዝን፣ የጎረቤት ልጅም ተጨምሮበት፣ እግሩ እንዴት እንደሚከፈት ለማወቅ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ቡና እየጠጣን ነው ይህ የሆነው። ሌሊት በዝናብ ሐሙሲት መንገድ ላይ ቢሆንስ?

እሳት ማጥፊያውም እንደዚያው፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥኑም እንደዚያው። ሁሉም ለቦሎ ተገዝተው ለቦሎ የሚቀመጡ ናቸው። ለምርመራ ከጓደኛ ተውሶ የሚሄድም አለ፤ እንደምታውቁት።

ሾፌሮችን ሳነጋግር ሁለት መልስ ነው የማገኘው፣ ሁለቱም ውሸት አይደሉም። አንደኛው «ትሪያንግል ካስቀመጥክ ይሰረቃል» ነው። ሁለተኛው «ሲኖ በጎኑ ሲያልፍ ንፋሱ ይጥለዋል»። እሺ። መሠረቱ ላይ ድንጋይ ጫኑበት እንዳይወድቅ፤ ስትነሱ ትሪያንግሉንም ድንጋዩንም አንሱ። ተሰረቀም እንበል፣ ሌላ ግዙ። የአንድ ጭን ስብራት ቀዶ ጥገና ከስንት ትሪያንግል ዋጋ ጋር እኩል እንደሆነ እኔ ደረሰኝ ሲቆረጥ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም የሚያስቀምጡትም ብዙዎቹ ከመኪናው ኋላ አምስት እርምጃ ላይ ነው የሚያቆሙት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይወስድበታል፤ 33 ሜትር አለቀ፣ ፍሬን ገና አልተነካም። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፣ እርጥብ ላይ ደግሞ 60 ሜትርና ከዚያ በላይ። ጎማው የተላጨ፣ ከልክ በላይ የጫነ አይሱዙ ከሆነ ሒሳቡን ተዉት። አምስት እርምጃ ላይ ያለ ትሪያንግል የሚያገለግለው ለፎቶ ነው።

ስለዚህ ከከተማ ውጭ 100 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ መሄድ አለባችሁ። ሜትር ይዞ የሚዞር የለም፣ በእርምጃ ወደ 140 ቁጠሩ። መኪናው የቆመው ኩርባ ወይም የዳገት ጫፍ ካለፈ በኋላ ከሆነ ግን ቁጥሩን እርሱትና ከኩርባው በፊት፣ ከዳገቱ ወዲያ ማዶ አስቀምጡት፤ ሾፌሩ ኩርባውን ከመግባቱ በፊት ማየት አለበት። መንገዱ ጠባብ ሆኖ መኪናችሁ ግማሹን ከያዘው ከፊት በኩልም ሁለተኛ ያስፈልጋል፤ በእኛ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውም የእናንተን መስመር ሊጠቀም ይችላል። (ትስቃላችሁ፣ ግን እውነቴን ነው።)

አካሄዱም አለው። መጀመሪያ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ ከተቻለ መኪናውን ከአስፋልቱ አውጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። አንጸባራቂውን ሰደርያ ከመውረዳችሁ በፊት ልበሱ፣ ስለዚህ ቦታው ወንበራችሁ አጠገብ እንጂ የኋላ ኮፈን ውስጥ አይደለም። ትሪያንግሉን ዘርግታችሁ ከደረታችሁ ፊት ያዙትና ወደሚመጣው መኪና እያሳያችሁ፣ ከአስፋልቱ ውጭ በዳር በዳር ሂዱ። ስልክ እያወራችሁ አይሆንም። ስትመለሱም ጀርባችሁን ለመኪና ስለምትሰጡ ከአስፋልቱ ራቁ።

ደግሞ ትሪያንግልን እንደ ጽላት አትዩት። እንግሊዞች በመንገድ ሕግ መጽሐፋቸው በተራ መንገድ 45 ሜትር ላይ አስቀምጡ ይሉና ፈጣን መንገድ ላይ ግን በፍጹም እንዳታስቀምጡ ይላሉ፣ ምክንያቱም ለማስቀመጥ በእግር መሄዱ ራሱ ይገድላል። ስፔን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጥር 2026 ጀምሮ ትሪያንግሉን ትታ ሾፌሩ ሳይወርድ በመስኮት እጁን አውጥቶ ጣሪያው ላይ በሚለጥፈው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ተክታለች፤ ሰዎች ትሪያንግል ሊያስቀምጡ ሲወርዱ እየተገጩ ስለሚሞቱ። እኛ ጋ ያ መብራት ግዴታ ይሁን አላልኩም። ማለት የፈለግኩት ሰውየው ከዕቃው ይቀድማል ነው። ጉም ካለ፣ መኪና ከተደራረበ፣ ዳር መሄጃ ከሌለ ፍሬቻውን አብርታችሁ ሁላችሁም ከመንገዱ ውጡና ራቁ።

ተሳፋሪዎች፣ እናንተንም ይመለከታል። አባዱላው ሲበላሽ የምናደርገውን አስቡት። ሁላችንም እንወርዳለን፣ አስፋልቱ ላይ ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ አንዱ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ያስገባል፣ ሌላው ከኋላ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ከኋላ የሚመጣ መኪና ሲገጭ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ከኋላ የተደገፈውን ነው፤ በሁለት መኪና መሐል የተጣበቀ እግር ምን እንደሚመስል እዚህ ገጽ ላይ አልጽፈውም። በበር በኩል ሳይሆን በመስክ በኩል፣ ከአስፋልቱ ብዙ ርቃችሁ፣ የሚቻል ከሆነ ከመኪናው ጎን ወደ ኋላ ዘለግ ብላችሁ ቁሙ፤ መኪናው ከኋላ ተገጭቶ ሲገፋ ወደፊት ነው የሚሄደው። ልጆችን እጃቸውን ያዙ። መኪናው ተሠርቶ «ግቡ ግቡ» ሲባልም ረዳቱን «ወንድሜ፣ ድንጋዩስ?» በሉት። አታፍሩ።

ክሪክን በተመለከተ አጭር ነው፦ ክሪክ መኪና ያነሳል እንጂ አይሸከምም። ለስላሳ አፈር ላይ አታቁሙት፣ በሌላኛው ጎማ ታኮ አድርጉ፣ የወለቀውን ጎማ ወይም ስኮርታውን ከመኪናው ሥር አስተኝታችሁ አስገቡ፣ ከወደቀም እሱ ላይ እንዲያርፍ። ከሥሩ ግን ማንም አይግባ፣ «አንዴ ብቻ» ብሎም ቢሆን።

ራዲያተር ላይ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ፊት የተቃጠለ ሾፌር ካየሁ ቆይቼ አላውቅም። ዳገት ላይ ሞተሩ ይግላል፣ ሾፌሩ ይቆማል፣ ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታል። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት የታመቀ ስለሆነ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም አልፈላም ነበር፤ ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይለቃል፣ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና ደረት ላይ ይረጫል። ሞተሩን አጥፉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የቸኮለ መንገደኛ ቢጮህባችሁ ይጩህ። ተቃጥሎ ከተገኘ ደግሞ የሚፈሰው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነው መድኃኒቱ። የጥርስ ሳሙና አይደለም፣ ቅቤም አይደለም፣ እንቁላልም አይደለም፣ የሞተር ዘይትማ በጭራሽ! እኛ ጋ ሲደርስ ይህን ሁሉ ከቆዳው ላይ የምንፍቀው በስንት ሥቃይ እንደሆነ ብታውቁ።

እሳት ማጥፊያ፦ ትናንሾቹ የ1 ኪሎ ዱቄቶች ከ10 ሰከንድ ብዙም አያልፉም። ስለዚህ የምትለማመዱበት ጊዜ አይደለም። ቀለበቱን ንቀሉ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ነበልባሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ እሳቱ በሚነሳበት ላይ አነጣጥራችሁ ግራ ቀኝ እያላችሁ ርጩ። ጭሱ ከኮፈኑ ሥር ከሆነ ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ አትክፈቱት፤ አየር ሲያገኝ ነው የሚንቦገቦገው። በትንሹ ገርበብ አድርጋችሁ በክፍተቱ ርጩ። በሁለተኛው ሙከራ ካልጠፋ ወይም እሳቱ ወደ ነዳጁ ከሄደ መኪናው ይቃጠል፣ እናንተ ሽሹ። ቤት ስትገቡ ደግሞ የማጥፊያውን ግፊት የሚያሳየውን መርፌ እዩት፤ አረንጓዴው ላይ ካልሆነ የያዛችሁት ቀይ ቆርቆሮ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፣ ወደ ሳጥኑ። የአጎቴን ሳጥን ከፈትኩት። የደረቀ አዮዲን፣ ቀኑ ያለፈ የራስ ምታት ክኒን፣ ጣት የማይሸፍን ፕላስተር፣ አንድ ትንሽ ጥጥ። በመንገድ አደጋ ላይ ከእነዚህ አንዱም ሰው አያተርፍም። ሰው የሚሞተው ደሙ ፈስሶ ወይም አየር ቧንቧው ተዘግቶ ነው። አስቀምጡ የምላችሁ ብዙ ጓንት፣ ብዙ ጎዝ፣ ሰፋፊ ፋሻ፣ ልብስ የሚቆርጥ መቀስ፣ የእጅ ባትሪ ነው። የቀረውን ነጠላ ይተካዋል። እውነቴን ነው፣ የታጠበ ነጠላ ተጣጥፎ ቁስል ላይ ሲጫን ከዚያ ሳጥን ሁሉ ይበልጣል።

ደም እየፈሰሰ ከሆነ ጨርቁን አድርጋችሁ በሁለት እጅ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ጫኑ። «ቆመ ወይ?» እያላችሁ በየደቂቃው አትግለጡት፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳታነሱ። ከራሰም ከላዩ ጨምሩ እንጂ የታችኛውን አታንሱ። እጅ ወይም እግር ሆኖ በዚህም አልቆም ካለ ነው ከቁስሉ ከአራት ጣት በላይ ከፍ አድርጎ ማሰር፤ በሰፊ ጨርቅ፣ በእንጨት እየጠመዘዙ ደሙ እስኪቆም። በጫማ ክር ወይም በሽቦ አይሁን፣ ሥጋ ይቆርጣል። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ወረቀት ላይ ጻፉልን። እኛ ጋ ሳይደርስ አትፍቱት።

የተጎዳውን ሰው እጅና እግሩን ይዞ መጎተት፣ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ማስገባት፣ ይህ ከቸርነት የሚመጣ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንገቱ ተሰብሮ ከሆነ ስትጎትቱት ነው እግሩ ለዘላለም የሚተኛው። እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ካላስገደዳችሁ አታንቀሳቅሱት፤ ካስገደዳችሁ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎቹ አብረው ያንሱ። ራሱን ከሳተና እያንኮራፋ ከሆነ፣ ወይም ካስታወከው፣ ጭንቅላትና ጀርባውን አብራችሁ በጎኑ አዙሩት፣ አለበለዚያ ትውከቱ ያንቀዋል። ውሃ አታጠጡ። «ደንግጧል» ብላችሁ አረቄም አታቅምሱ፤ ቀዶ ጥገና ሊገባ ይችላል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ስልካችሁ ላይ አሁን ጻፉት። ስትደውሉ «ወደ ጎንደር መንገድ ላይ» ብቻ አትበሉ፤ ከየትኛው ከተማ ወዴት ስትሄዱ፣ በግራ ይሁን በቀኝ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳና የሚተነፍስ የማይተነፍሰውን ንገሯቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይሄ ነው። ከኤች አይ ቪ በፊት፣ ከወባ በፊት ማለት ነው። እኛ ግን እንደ በሽታ አናየውም፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። የዚያ ልጅ ቀን የደረሰው ግን አንድ ሰው ድንጋይ ስላላነሳ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ ዓመታዊ ምርመራው ላይ አንድ ነገር ነው የምለውጠው። መርማሪው «አለህ ወይ?» ማለቱን ይተውና «ዘርጋልኝ» ይበል። ሾፌሩ ላስቲኩን ቀድዶ፣ አቁሞ፣ 140 እርምጃ ሄዶ ያሳይ። ቦሎ ከዚያ በኋላ። መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችም እንደዚያው፤ እኔ ስማር መኪና ማቆም ለሳምንታት ተለማምጃለሁ፣ ትሪያንግል ግን በሥዕል ነው ያየሁት። ጣና ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሄድም ይሄው ነው፤ የነፍስ አድን ጃኬቱ አለ፣ ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል፣ የሚለብሰው ፈረንጅ ብቻ ነው። መኖሩን ወደነዋል፣ መጠቀሙን ግን ፈሪ መባል አድርገነዋል።

ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ትሪያንግል የምታስቀምጡበት ቦታ የለንም ካላችሁኝ ከኋላ የምትለጠፍ ቀይ አንጸባራቂ ቴፕ ግዙ፤ ርካሽ ናት። ስትበላሹ ባጃጁ ቀላል ነው፣ ገፍታችሁ ከአስፋልቱ አውጡት፤ ማታ መብራት ጠፍቶበት መሐል መንገድ ላይ የሚጠገን ባጃጅ ካየሁ አሁን ወርጄ ነው የምጣላው። ብስክሌት የምትነዱ የባሕር ዳር ልጆችም የኋላ አንጸባራቂያችሁን ጭቃውን ጥረጉት።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፣ ወረታ መግቢያ ላይ ጎማ ፈንድቶበት። «ዘረጋሁት» አለኝ። «140 እርምጃ?» ስለው «ዘጠና ላይ ደከመኝ» አለ። ደግሞ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ በስንት እንደሚሸጠው ጠይቆታል።

እናንተም ዛሬ ማታ የመኪናችሁን ሳጥን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱና ኮሜንት ላይ ላኩልኝ። የሚወረወረውንና የሚጨመረውን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። መኪና የሌላችሁ የአባታችሁን፣ የአጎታችሁን፣ የደንበኛ ሾፌራችሁን ክፈቱ። የጨጓራው ጥያቄ ሐሙስ።